የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ጉድጓድ ሞልቶ ወደ ወንዝ እየገባ ነው፣ ምን ይሻላል?

እሸት፦
ማጠቢያው ጅማ ዞን ነው። ቡና በሚበዛበት ቀን እስከ 20,000 ኪሎ እሸት ይገባል። ሁለቱ የፍሳሽ ጉድጓዶች በድምሩ 600 ሜትር ኩብ ይይዛሉ። አምና ኅዳር ላይ ሞልተው ወደ ወንዙ ስለፈሰሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል። ሦስተኛ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ኖራ ይጨመር ወይስ ፍሳሽ የሚያጣራው ሥረ ጥልቁ ቬቲቨር ሳር ይተከል?

ጓዳ መሐንዲስ፦
ከመቆፈር በፊት ውኃውን ቀንሱ። በኪሎ እሸት 5 ሊትር የምትጠቀሙ ከሆነ በቀን 100 ሜትር ኩብ ይወጣል፤ ጉድጓዶቻችሁ በ6 ቀን ይሞላሉ። ወደ 2 ሊትር ብታወርዱት 40 ሜትር ኩብ ይሆንና ጉድጓዶቹ 15 ቀን ይዘልቃሉ። የመፈልፈያውን ውኃ በወንፊት አጣርታችሁ በፓምፕ መልሱት፣ ግን በዚያው ቀን ብቻ። ያደረ ውኃ ቦክቶ የቡናውን ጣዕም ያበላሻል። ለመጨረሻው እጥበት ሁልጊዜ ንጹሕ ውኃ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ግን ለመፈልፈያ ይበቃል።

ገለባው ውኃ ውስጥ በቆየ ቁጥር ስኳሩ እየሟሟ ፍሳሹን ያከብደዋል። ስለዚህ ከመፈልፈያው እንደወጣ ይለይ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ ተከምሮ ኮምፖስት ይሁን። ብዙ ማጠቢያዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ኖራ ቤት፦
ኖራ ይሠራል፣ ግን ተራው አለው። ፍሳሹ ሲቦካ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይበልጥ ይኮመጥጣል) ወደ 4 ይወርዳል፤ ያኔ ከቡናው ፍሬ የታጠበው ዝልግልግ ረግቶ እንደ ወፍራም ቆዳ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ ያን ቆዳ ግፈፉ። ኖራ ቀድሞ ከገባ ዝልግልጉ ሳይለይ ይቀርና ቀጣዩን ጉድጓድ ይደፍናል።

ልኩን በባልዲ አውጡ፦ ከተገፈፈው ፍሳሽ 20 ሊትር ቅዱ፣ 10 ግራም ኖራ በውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፣ 5 ደቂቃ አማስሉና በፒኤች ወረቀት ለኩ። 6.5 እስኪደርስ 10 ግራም እየጨመራችሁ ሂዱ። 30 ግራም ከፈጀ ለአንድ ሜትር ኩብ 1.5 ኪሎ ማለት ነው። ከ9 ካለፈ ፍሳሹን የሚበሉትን ባክቴሪያዎች ትገድላላችሁ። ጓንትና የዓይን መከላከያ አይቅር።

እሸት፦
ቬቲቨሩስ ለዘንድሮ ይደርሳል?

ጓዳ መሐንዲስ፦
ለዘንድሮ አይደርስም። ሰኔ ላይ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ቁልቁለቱን በሚያቋርጥ መስመር ተክላችሁ አንድ ክረምት ሥር ይስደድ። ኖራ ያልገባበት ኮምጣጣ ፍሳሽ አትልቀቁበት።

የታችኛው መንደር፦
ጉድጓዱ ባይፈስም ቀዩ አፈር ውኃ ያሳልፋልና ወለሉና ጎኑ በሸክላ አፈር ተረግጦ ይጠቅጠቅ። ከበታቹ ያለውን ምንጭ ፒኤች በየሳምንቱ ለክታችሁ መዝግቡ። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተቆጣጣሪ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ገብቶ ናሙና እንዲወስድ ይፈቅዳል። ማንኛውም ሰውም በግሉ ጉዳት ደረሰብኝ ማለት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከወንዙ የሚቀዱ እናቶች ይህን መብት ሊያውቁት ይገባል። እናንተም ጉድጓዱ ሊሞላ ግማሽ ሜትር ሲቀረው እሸት መቀበል አቁሙ፤ ምልክቱን በቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ አድርጉት።