የ14 ዓመት ድመቴን ለምርመራ ወደ ቢሾፍቱ ልውሰዳት?

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ዳልቻ የምንላት ድመታችን 14 ዓመቷ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ውኃ አልጠግብ ብላለች፤ ሌሊት ሳይቀር ሳህኑ ላይ አቀርቅራ ስትልስ እሰማታለሁ። ሽንቷም በዚያው ልክ በዝቷል። 4 ኪሎ የነበረችው ትናንት በሱቅ ሚዛን ሳስመዝናት 2 ኪሎ ከ600 ግራም ሆነች። ጀርባዋን ስዳብስ አከርካሪዋ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

እዚህ ያሳየኋቸው የእንስሳት ሐኪም ዘወትር የሚያክሙት በግና ከብት ነው። ለ5 ቀን የጸረ ተሕዋስያን መርፌ ወጓት፤ ለውጥ የለም። አሁን ታስታውካለች፣ አፏም ይሸታል። ጎረቤቴ ፓራሲታሞል ስጫት አለችኝ፤ ለድመት መርዝ ስለሆነ አልሞክረውም። የምትቀምሰው የዶሮ መረቅ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ምድጃው አጠገብ አጎዛ ላይ ተጠቅልላ ትውላለች።

ሐኪሙ ኩላሊቷን ጠርጥረዋል፤ ስኳርም ሊሆን ይችላል ብለዋል። ለመለየት የደምና የሽንት ምርመራ ያስፈልጋል፤ እዚህ ግን ለድመት የሚሠራልኝ አላገኘሁም። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። መንገዱ ግን አዲስ አበባ ድረስ ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ስኳር ከሆነ ኢንሱሊን አለ፤ የቆየ የኩላሊት ሕመም ግን ይታገሣል እንጂ አይድንም። ገንዘቡን አጠራቅሜያለሁ፤ የምፈራው የመጨረሻ ቀኖቿን በካርቶን ውስጥ፣ ሚኒባስ ላይ እንዳታሳልፍ ነው።

እንዲህ የደከመች አሮጊት ድመት አስታማችሁ የምታውቁ፣ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ለምርመራው ትወስዷት ነበር ወይስ ከአጎዛዋ ሳታነሱ እቤት ታስታምሟት ነበር?