ሞተሩ ሲነሳ አርዱይኖው እየጠፋ ተቸግረናል

ሰላም ለሁላችሁ። አምስት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለመስመር ተከታይ ሮቦት ውድድር እያዘጋጀሁ ነው። ያለን አርዱይኖ ኡኖ (ሮቦቱን የሚያዝ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ)፣ ኤል298ኤን ድራይቨር (ለሞተሮቹ ኃይል የሚያደርስ ሰሌዳ)፣ ሁለት ቢጫ ባለማርሽ ሞተሮች፣ 5 የኢንፍራሬድ ሴንሰሮችና ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው። ሞተሮቹ ሲነሱ አርዱይኖው ጠፍቶ ይበራል፤ ኩርባ ላይም ሮቦቱ መስመሩን ይስታል። ከየት እንጀምር?

መልስ 1፦ ከባትሪው። ያቺ አራት ማዕዘን ባለ 9 ቮልት ባትሪ ብዙ ከረንት መስጠት አትችልም። ሞተሩ ሲስብ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አርዱይኖውም ይጠፋል። ሁለት 18650 ሊቲየም ባትሪዎችን በተከታታይ አገናኙ፤ 7.4 ቮልት ይሰጣሉ። ድራይቨሩ ራሱ 2 ቮልት ገደማ ስለሚበላ ለሞተሮቹ 5 ቮልት አካባቢ ይደርሳል፣ ይበቃቸዋል። የአርዱይኖውና የድራይቨሩ ግራውንድ (የኔጌቲቭ መስመር) የግድ ይገናኝ። በየሞተሩ ሁለት እግሮች መካከል የኤሌክትሪክ ረብሻን የሚቀንስ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በይዱ። አንዱ ባትሪ ከ3 ቮልት በታች እንዳይወርድ ደግሞ አደራ፤ ይበላሻል።

መልስ 2፦ ኩርባውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሴንሰሮቹን ከወለሉ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ላይ አድርጉ። ከዚያ በኮዱ ውስጥ ኬዲን (ውዝዋዜን የሚያረግበውን ቁጥር) ዜሮ አድርጋችሁ ሮቦቱ መወዛወዝ እስኪጀምር ኬፒን (ከመስመሩ ሲርቅ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚወስነውን ቁጥር) ጨምሩ፤ ቀጥሎ ውዝዋዜው እስኪረግብ ኬዲን። በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ! ልጆቹ እያንዳንዱን ሙከራ ደብተር ላይ ይጻፉ። ሉፑ (እየተደጋገመ የሚሠራው የኮዱ ክፍል) ውስጥ ዲሌይ (ኮዱን ለጊዜው የሚያቆም ትእዛዝ) ካለ አውጡት፣ ሮቦቱን ያሳውረዋል።

መልስ 3፦ የሴንሰር ካሊብሬሽኑን (ሴንሰሮቹን ከቦታው ብርሃን ጋር ማስማማቱን) በአንድ ቁልፍ የሚሠራ አድርጉት፤ የውድድሩ አዳራሽ መብራት ከክፍላችሁ ይለያል። ኮዱን ግን ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉት፣ አንተ ጠይቃቸው እንጂ ኪቦርዱን አትንካ።