ባለ 16 ኢንች የሬዲዮ ኮሜዲ ሸክላዎች፦ ሳላበላሻቸው እንዴት ላዳምጣቸው?

ሸክላ ወዳጅ (ሜሪላንድ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ሜሪላንድ ባለቤቱ ያረፉበት ቤት ዕቃ ሲሸጥ 11 ትልልቅ ሸክላዎች በ60 ዶላር ገዛሁ። ስፋታቸው 16 ኢንች በመሆኑ ከማጫወቻዬ ዳር አልፈው ይወጣሉ፤ ክንዱም ስለሚያጥር ጠርዛቸው ላይ አይደርስም። በስምንቱ ላይ የአሜሪካ ጦር ኃይሎች ሬዲዮ አገልግሎት የሚል የታተመ ወረቀት ተለጥፎ የሬዲዮ ኮሜዲያኖቹ የጃክ ቤኒና የፍሬድ አለን ስም ይነበባል። የቀሩት ሦስቱ የእጅ ጽሑፍ ብቻ አላቸው፤ ከእነዚህም አንዱ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ነገር ለብሷል። በጥቂቶቹ ላይ ደግሞ «ከውስጥ ጀምር» የሚል ትእዛዝ አለ። ሳላበላሻቸው ለመስማት ምን ላድርግ?

የመርፌ ጫፍ፦
ማጫወቻ ከመግዛትዎ በፊት ሸክላዎቹን ይለዩ። የመሃሉን ቀዳዳ ጠርዝ በባትሪ ሲያዩት ብረት የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ በአሉሚኒየም ላይ ላከር የሚባል ቀለም መሰል ሽፋን ተቀብቶ በቀጥታ የተቀረጸ፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ቅጂ የሌለው ሸክላ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ግን በጦርነቱ ጊዜ አሉሚኒየም ሲጠፋ በምትኩ የመጣው መስታወት ስለሆነ፣ ከእጅ ቢያመልጥ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ለጦሩ ጣቢያዎች የተላኩት ስምንቱ ከፕላስቲክ በብዛት የታተሙ በመሆናቸው ብዙም አያስፈሩም።

«ከውስጥ ጀምር» የሚለው ስህተት አይደለም። ላከሩ ሲቀረጽ መርፌው እየፋቀ የሚያወጣው ክር ወደ መሃል የመሰብሰብ ጠባይ ስላለው፣ ቀራጩ ከመሃል ወደ ዳር ከሄደ ክሩ ከመንገዱ ይርቅለታል። ፍጥነቱ በደቂቃ 33 ከ1/3 ዙር ነው፤ አንዱ ገጽ 15 ደቂቃ ያህል ስለሚይዝ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት ሁለት ገጽ ይፈልጋል። መርፌው ወፈር ያለ ይሁን፤ ለተለመደው የሙዚቃ ሸክላ የተሠራው ቀጭኑ ድምፁ በተቀረጸበት ሰፊ ቦይ ግርጌ እየተንሸራተተ ኮሽታ ያበዛልና።

ጥንተ ድምፅ፦
ነጩን ሸክላ እባክዎ እንዳያጫውቱት። ነጩ ነገር ላከሩን ለማለስለስ የተጨመረው የጉሎ ዘይት በጊዜ ብዛት ሲበላሽ ወደ ላይ የሚወጣ ቅባታማ አሲድ ነው፤ ላከሩም እየተኮማተረ ይሰነጠቅና ከሥሩ ይላቀቃል። እኔ ከዓመታት በፊት አንዱን በአልኮል ባራስኩት ጥጥ ስነካው ጥጡ ጠቁሮ ቀረ፤ ሸክላው ላይ የነበረው ሳቅም አብሮ ሄደ። የተሰነጠቀ ላከር ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ይጫወት ይሆናልና ያችን አንድ ጊዜ ለሚቀዳ ባለሙያ ይተዉለት።

ሸክላ ወዳጅ፦
አመሰግናለሁ። የእጅ ጽሑፍ ያላቸውን ሦስቱን በባትሪ አየኋቸው፤ ሁለቱ ብረት ናቸው፣ ነጭ የለበሰው ግን ብርሃን ያሳልፋል። ለመሆኑ ስምንቱ በብዛት የታተሙ ከሆነ ዋጋ የላቸውም ማለት ነው?

የማታ ሬዲዮ፦
አላቸው እንጂ። ከተጠቀሙባቸው በኋላ እንዲወገዱ ይታዘዝ ስለነበር የተረፉት የታተሙትን ያህል አይደሉም። ትልልቆቹ የአሜሪካ ሬዲዮ ድርጅቶች ኤንቢሲና ሲቢኤስ እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ገደማ የተቀዳ ዝግጅት ስለማይወዱ ኮሜዲው በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው፤ ዝነኛው ዘፋኝ ቢንግ ክሮዝቢ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1946 ዝግጅቱን እየቀዳ ማቅረብ የቻለው ወደ ተፎካካሪያቸው ኤቢሲ በመሄዱ ነው። ስለዚህ ብዙ ዝግጅት ዛሬ የሚሰማው ከጦሩ ሸክላ ብቻ ነው።

ጉድለታቸው ማስታወቂያው ተቆርጦ መውጣቱ ነው። ጉድለት የምለው ቀልዱ ከማስታወቂያው ጋር የተሰፋ ስለነበር ነው፦ ፊበር ማጊና ሞሊ በተባለው የሬዲዮ ኮሜዲ ውስጥ አስተዋዋቂው ሃርሎ ዊልኮክስ በጨዋታው መሃል ዘው ብሎ ወሬውን ሁሉ ወደ ጆንሰን የወለል ሰም ሲያዞረው ነበር ሰዉ የሚስቀው። ይህ ሲቆረጥ ስፌቱ ይሰማል፤ የጎደለው ጊዜም በሙዚቃ ይሞላል። ከሁለቱ ብረቶች በአንዱ ላይ ማስታወቂያው ሳይቆረጥ ካገኙት፣ ለእኔ ስምንቱ ተደምረው አይደርሱበትም። ቀን ወይም የጣቢያ ስም ተጽፎባቸዋል?

ሸክላ ወዳጅ፦
ቀን የለም። በአንዱ ላይ በቀይ እርሳስ የአንድ ሳሙና ስም ብቻ ተጽፏል።