የእግር ሐኪም ልሁን ወይስ ይቅርብኝ?

ጠያቂ፦ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ቀን ባዮሎጂ እማራለሁ፣ ማታ አረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። ባለፈው የአንድ ስኳር ያለባቸው አባት ካልሲ ሳወልቅ ተረከዛቸው ላይ ሚስማር ተሰክቶ አገኘሁ። ምንም አልተሰማቸውም! ከዚያ ወዲህ ፖዲያትሪ (የእግር ሕክምና) ከሐሳቤ አልወጣ አለ። እናቴ ግን «ዶክተር ተብለህ ጥፍር ልትቆርጥ?» ትላለች።

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ የፖዲያትሪ ሬዚደንት ነኝ፤ ተመርቄ ሆስፒታል ውስጥ እየሠራሁ የምሠለጥን ማለት ነው። ከዲግሪ በኋላ 4 ዓመት ትምህርት፣ ከዚያ 3 ዓመት ሬዚደንሲ ነው። ጥፍር እንቆርጣለን፣ አዎ። ቀዶ ጥገናም እንሠራለን። ስኳር ነርቭ ሲያደነዝዝ ቁስሉን ቀድሞ የሚያየው እኛ ነን። ለእማዬ እንዲህ በላቸው።

መልስ 2፦ ሽታ ትችላለህ? የቆየ ቁስል ሽታ ማለቴ ነው። መጀመሪያ አንድ ክሊኒክ ለምነህ ጥቂት ቀን ዋል።

ጠያቂ፦ ሽታውንስ ለምጄዋለሁ። የሚያስፈራኝ የትምህርት ብድሩ ነው።

መልስ 1፦ እሱ እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል።