የ1970ዎቹን ዲስኮ ፈልገን የአሮጌ ዕቃ መጋዘን ሠራን

የሌሊት ወፍ፦
አነስተኛ የጭፈራ ቤት ልንከፍት ሁለት ሳምንት ቀርቶናል። የእ.ኤ.አ. 1970ዎቹን የዲስኮ ዘመን እንዲያስታውስ ብለን ብርቱካናማ የፕላስቲክ ወንበሮች ገዛን፤ አንዱን ግድግዳ በመስታወት ሸፈንን፤ በሌላው ላይ አርባ የሙዚቃ ሸክላ ሰቀልን። የመስታወት ኳሱም ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሏል። ትናንት መብራት አብርተን ሙዚቃ ስንከፍት ግን ቤቱ የአሮጌ ዕቃ መጋዘን መሰለ፤ ድምፁም ጆሮ ይበሳል። ምን ጎደለን?

አምፖል ለዋጩ፦
ጨለማ ነዋ! ሃያ ዓመት የጭፈራ ቤት መብራት ዘርግቻለሁ፤ ባለቤቶቹ ገንዘባቸውን በወንበር ጨርሰው መብራት ላይ ሲደርሱ ጣሪያውን በነጭ አምፖል ይሞሉታል። ወንድሜ፣ ነጩን ሁሉ አጥፋው። ከጠረጴዛ ከፍታ በታች ብርሃናቸው ቢጫማ የሆነ፣ 2200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ ያሉ ደብዛዛ አምፖሎች አስቀምጥ። ኳሱ ላይ ደግሞ ጨረሩ ጠባብ የሆነ አንድ መብራት፣ ቢበዛ ሁለት፣ ከጎን አነጣጥርበት። በደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ዙር ይበቃዋል፤ ከፈጠነ ጨፋሪውን ራሱን ያዞረዋል። (ኳሱ የዲስኮ ፈጠራ እንዳይመስልህ፤ አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው።)

እ.ኤ.አ. በ1977 ኒውዮርክ ውስጥ የተከፈተው ስቱዲዮ 54 የተባለው የዲስኮ ጭፈራ ቤት ቀድሞ ቲያትር ቤት ስለነበረ፣ መብራቱንና ጌጡን በመድረኩ ማንጠልጠያ ጨፋሪው አናት ላይ ያወርዱት ነበር። ስለዚያ ቤት ወንበር ያወራኝ ሰው እስካሁን የለም። ሸክላዎቹንም አውርድና ለዲጄው ስጠው።

ጆሮ ዳባ፦
ጆሮ የሚበሳው መስታወቱ ነው፤ ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል። ፊት ለፊቱ ወፍራም የከፋይ መጋረጃ በብዙ እጥፋት ስቀል። ባሱን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ ግን ከፋይ አይውጠውም፤ ሞገዱ በጣም ረጅም ነው፤ የ50 ሄርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ ወደ 7 ሜትር ነው። ለእሱ ድምፅ ማጉያዎቹን ከማዕዘን አርቀህ ሞክር። አደራህን፣ ርካሽ ስፖንጅ ግድግዳ ላይ እንዳትለጥፍ! እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካዋ ሮድ አይላንድ ግዛት አንድ የጭፈራ ቤት ውስጥ የመድረክ ርችት እንዲህ ያለ ስፖንጅ አቀጣጥሎ 100 ሰዎች አልቀዋል። መጋረጃውንም ስትገዛ እሳት መቋቋሙን የሚያረጋግጥ ወረቀት ጠይቅ።

የሌሊት ወፍ፦
ጋሼ፣ ዛሬ ማታ ነጩን ሁሉ አጥፍተን በእጅ ባትሪ ኳሱን አበራነው። ሸሪኬ ለአምስት ደቂቃ ያህል አልተናገረም፤ እሱ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም። ሸክላዎቹን ግን በመሃላቸው ቀዳዳ ሳይሆን ጎን ለጎን በሁለት ሚስማር ነበር የመታቸው። የተረፉት ስድስት ናቸው።

አምፖል ለዋጩ፦
ስድስት ሸክላ በሁለቱም ገጽ ወደ አራት ሰዓት ያጫውታል። ክፈቱ።