ዲኬምቤ ሙቶምቦን በምን እንመዝነው?

ጥያቄ፤ ከ«የቅርጫት ወዳጅ»

ውድ ተሳታፊዎች፣ ስለ ዲኬምቤ ሙቶምቦ የቅርጫት ኳስ ተጫዋችነት ዘመን የምጠይቀው አለኝ። ሙቶምቦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2009 ድረስ ለ18 የውድድር ዘመናት በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤን ቢ ኤ ሲጫወት፣ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ያስቆጠረው ከ10 ነጥብ በታች ነው። ዋንጫ አላነሣም፤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎም አያውቅም። ይሁንና በ2015 ስሙ በቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ሰፍሯል፤ የተጫወተባቸው የዴንቨርና የአትላንታ ቡድኖችም 55 ቁጥር መለያውን ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው አድርገው በክብር አስቀምጠውለታል።

በሰፈራችን ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። ከልጆቹ መካከል ረጃጅሞቹ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ቆመው መወርወርን ይወዳሉ፤ ከቅርጫቱ ሥር ሆኖ መከላከልን ግን እንደ ክብር አይቆጥሩትም። የሙቶምቦን ታሪክ ላስተምርበት አስቤ፣ ያስቆጠረው ነጥብ ብዙ ያልሆነን ሰው ታላቅነት በምን ላስረዳ የሚለው አሳስቦኛል። የምታውቁ ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፤ ከ«የቀድሞ ሴንተር»

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። የሙቶምቦ 3,289 ብሎኮች (ወደ ቅርጫቱ ሲወረወሩ በእጁ ያገዳቸው ኳሶች) ከሀኪም ኦላጁዎን 3,830 ቀጥሎ በኤን ቢ ኤ መዝገብ ሁለተኛ ናቸው። የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሽልማትንም በ1995፣ በ1997፣ በ1998 እና በ2001 አራት ጊዜ ወስዷል። እኔ ግን ለልጆቹ ከዚህ ቁጥር ይልቅ ከቁጥሩ ውጭ የቀረውን ቢያሳዩዋቸው እመርጣለሁ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ18 የሆነ፣ ጊዜ አጠባበቅ የሚያውቅ ሰው ከቅርጫቱ ፊት ሲቆም፣ ኳስ ይዞ የሚገባው ተጫዋች ገና ሳይዘል ሐሳቡን ይቀይራል፤ ወይ ኳሱን ወደ ውጭ መልሶ ያቀብላል፣ ወይ ከለመደው በላይ ከፍ አድርጎ ይወረውራል፣ ወይም ከርቀት ለመሞከር ይገደዳል። ይህ ሁሉ በተከላካዩ ስም አይመዘገብም። ደግሞም የቡድን ጓደኞቹ ከኋላቸው ማን እንዳለ ስለሚያውቁ የሚጠብቁትን ሰው በድፍረት ተጠግተው ይይዛሉ፤ ቢታለፉም የሚሸፍናቸው አለ።

ለዚህ ከ1994ቱ የዴንቨርና የሲያትል የፕሌይ ኦፍ (የጥሎ ማለፍ) ግጥሚያ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ሲያትል በዚያ ዓመት 63 ጨዋታዎችን አሸንፎ ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ የበላይ ነበር፤ ዴንቨር ግን በ42 ድል በምዕራቡ ክፍል ስምንተኛ ሆኖ ነው ያለፈው። ከአምስት ጨዋታ ሦስቱን የቀደመ በሚያልፍበት በዚያ ዙር ዴንቨር የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከተሸነፈ በኋላ ቀጣዮቹን ሦስቱን በተከታታይ አሸነፈ፤ የመጨረሻውንም በሲያትል ሜዳ በተጨማሪ ሰዓት 98 ለ94 ነበር ያሸነፈው። ስምንተኛ ሆኖ የገባ ቡድን አንደኛውን ሲጥል ያ የመጀመሪያው ነው። ሙቶምቦ በአምስቱ ጨዋታዎች 31 ኳሶችን ብሎክ ሲያደርግ፣ በመጨረሻው ጨዋታ ብቻ 8 ብሎክና 15 ሪባውንድ (ስተው ሲመለሱ የያዛቸው ኳሶች) ነበረው። ፉጨቱ ሲሰማ መሬት ላይ ተጋድሞ ኳሱን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ የያዘበት ፎቶ በሰፊው ይታወቃል፤ ለልጆቹ ግን ቪዲዮውን ራሱን ያሳዩዋቸው፤ የሲያትል ተጫዋች ወደ ቅርጫቱ በገባ ቁጥር እያቆሙ ሙቶምቦ የት እንደቆመ ይጠይቋቸው።

መልስ፤ ከ«ሚዛን»

ከላይ የተባለውን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ ይሁንና ለታዳጊ ሲነገር ጎደሎውም አብሮ ቢነገር መልካም ነው። ኦላጁዎን ከዚያ ሁሉ ብሎክ ጋር 26,946 ነጥብ አስቆጥሯል፤ በ1994 እና በ1995ም ሂዩስተንን ለሁለት ዋንጫ አብቅቷል። ሙቶምቦ በ2001 የውድድር ዘመኑ አጋማሽ ላይ ወደ ፊላዴልፊያ ተዛውሮ ከአለን አይቨርሰን ጋር ለፍጻሜ ቢደርስም፣ የሌከርሱ ሻኪል ኦኒል በፍጻሜው በአማካይ 33 ነጥብ አስቆጥሮበት ሌከርስ 4 ለ1 አሸንፏል። ብሎክ በይፋ መቆጠር የጀመረው ከ1973-74 የውድድር ዘመን ወዲህ መሆኑም አይዘንጋ፤ ከዚያ በፊት የተጫወቱት ታላላቆቹ ቢል ራስልም ሆነ ዊልት ቻምበርሊን በዚያ መዝገብ የሉበትም።

ሕጉም ተለውጧል። እስከ 2001 ድረስ የዞን መከላከል (ሰውን ሳይሆን የሜዳ ክልልን መጠበቅ) የተከለከለ ስለነበር እያንዳንዱ ተከላካይ የራሱን ሰው መያዝ ነበረበት፤ የተቃራኒ ቡድን ሴንተሮች (የመሃል ቦታ ረጃጅም ተጫዋቾች) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቅርጫቱ አቅራቢያ ይጫወቱ ስለነበር ሙቶምቦ ከቦታው ብዙ አይርቅም ነበር። ዛሬ ዞን ተፈቅዷል፤ ሆኖም ሰው ሳይጠብቅ ከቅርጫቱ ሥር ባለው ክልል ከሦስት ሰከንድ በላይ የቆየ ተከላካይ ይቀጣል፤ ሴንተሮችም ከሩቅ እየወረወሩ ተከላካያቸውን ወደ ውጭ ይስቡታል። ስለዚህ ልጆችዎ ወደ መስመሩ የሚወጡት ዘመኑ የጠየቃቸውን እየተከተሉ ነውና አይፍረዱባቸው። ያም ሆኖ ሩዲ ጎቤር ከሁሉ በፊት በመከላከል ሙያው በ2024 አራተኛ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሽልማቱን ወስዶ ከሙቶምቦ ጋር መስተካከሉን ቢነግሯቸው፣ ሥራው ዛሬም እንደሚፈለግ ይረዳሉ።

መልስ፤ ከ«ነዋሪ ዘዋሽንግተን»

እኔ የምጨምረው ስለ አጀማመሩ ነው። ሙቶምቦ ከኪንሻሳ ወደ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የመጣው በ1987፣ የ21 ዓመት ወጣት ሆኖ ሐኪም ለመሆን ነበር። ወደ ቡድኑ ያስገባው አሠልጣኝ ጆን ቶምፕሰን ሲሆን፣ ከአሎንዞ ሞርኒንግ ጋር አብረው ተጫውተዋል። በኋላ ትምህርቱን ወደ ቋንቋና ዲፕሎማሲ ቢቀይርም ሕክምናን አልረሳም፤ በ2007 በኪንሻሳ በእናቱ በቢያምባ ማሪ ስም የተሰየመ ሆስፒታል አስከፍቷል፤ ለግንባታውም ከራሱ ገንዘብ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አውጥቷል። ይህን ሲሠራ ገና ተጫዋች ነበር። በ2008 በዚያን ጊዜ የሚጫወትበት ሂዩስተን 22 ጨዋታዎችን በተከታታይ ሲያሸንፍ፣ የቡድኑ ሴንተር ያኦ ሚንግ በመሃሉ ቢጎዳ ቦታውን የተካው የ41 ዓመቱ ሙቶምቦ ነው። በ2024 መስከረም መጨረሻ በአንጎል ካንሰር በ58 ዓመቱ ሲያርፍ እዚህ ከተማ ብዙዎቻችን ከልብ አዝነናል።

ተጨማሪ ጥያቄ፤ ከ«የቅርጫት ወዳጅ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሙቶምቦ ብሎክ ካደረገ በኋላ ጣቱን በተቃራኒው ተጫዋች ላይ የሚያወዛውዘው ነገር ለልጆች ተገቢ ነው ትላላችሁ?

መልስ፤ ከ«የቀድሞ ሴንተር»

ሊጉም ያንን ተቃራኒን እንደማዋረድ ቆጥሮ በቴክኒካል ፋውል (በሥነ ምግባር ጥፋት) መቅጣት ስለጀመረ፣ ሙቶምቦ ጣቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮታል። እኔ በታዳጊ ደረጃ አልፈቅደውም። ከጣቱ በፊት ሁለት ነገር ያስለምዷቸው። አንደኛ፣ ወደ ቅርጫቱ የተወረወረ ኳስ ቁልቁል መውረድ ከጀመረ በኋላ ቢነኩት ነጥቡ ለአጥቂው ይቆጠራል፤ ስለዚህ ኳሱ ገና ሽቅብ ሳለ ይድረሱበት። ሁለተኛ፣ በኃይል ተመትቶ ከሜዳ የወጣ ኳስ ተመልሶ ለአጥቂው ቡድን ይሰጣልና፣ በለሰለሰ እጅ ወደ ጓደኛቸው እንዲያዞሩት ያለማምዷቸው፤ መልሶ ማጥቃቱ ከዚያ ይጀምራል።