አባቴን ይዤ ወደ አንታርክቲካ በመርከብ ለመጓዝ አስቤአለሁ፤ ምክራችሁን እሻለሁ

የመምህሩ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ለ34 ዓመታት ጂኦግራፊ አስተምረዋል፤ እኔም ክፍላቸው ገብቼ ተምሬአለሁ። የዓለምን ካርታ በሰሌዳ ላይ ሲስሉ አንታርክቲካን ለመጨረሻ ያስቀሩና ነጩን ጠመኔ በጎኑ አጋድመው የሰሌዳውን ግርጌ ከዳር እስከ ዳር ያለብሱት ነበር። አሁን 71 ዓመት ሞልቷቸዋል። አሜሪካ ሠርቼ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ ለዚህ ጉዞ ላውለው ወስኜአለሁ። በታኅሣሥ ወር ከአርጀንቲናዋ ኡሹዋያ በምትነሣ መርከብ ለመሄድ አስበናል፤ የሚያሳስበኝ ግን ግራ ጉልበታቸውን የሚያማቸው መሆኑና በደቡብ አሜሪካና በአንታርክቲካ መካከል ያለው ባሕር፣ የድሬክ መተላለፊያ፣ ማዕበል ነው። ጉዞው በነቢያት ጾም ስለሚውልም የምግቡ ነገር አሳስቦኛል። ዋጋው ረከስ ያለውን ትልቅ መርከብ ልያዝ ወይስ ትንሹን?

ጣና ዳር፦
ከሁለት ዓመት በፊት ሄጄ ነበርና በመርከቧ መጠን ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚወሰነው በእርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተው የአንታርክቲካ አስጎብኚዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ደንብ መሠረት ከ500 በላይ መንገደኞች የጫነች መርከብ ማንንም ወደ መሬት አታወርድም፤ በአንድ ማረፊያም በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ ጎብኚ አይገኝም። ስለዚህ በትልቁ መርከብ አባትዎ አህጉሩን ከመርከቡ ወለል ላይ ሆነው አይተውት ብቻ ይመለሳሉ። ዕድሜ ልካቸውን ላስተማሩት ምድር ይህ አይበቃም እላለሁ።

ጉልበታቸውን የሚፈትነው ከመርከቧ ወደ ጎማ ጀልባ መውረዱ ነው። በመርከቧ ጎን የተዘረጋውን መሰላል ይወርዳሉ፤ ጀልባዋ ከማዕበሉ ጋር ከፍና ዝቅ ትላለች፤ መርከበኛው ክንድዎን ከእጅ አንጓ በላይ ይይዛል፣ እርስዎም የእርሱን እንዲሁ፤ «አሁን» ሲልዎት ይራመዳሉ። ዳር ሲደርሱ በጀልባዋ የጎማ ጠርዝ ላይ ተንሸራተው እግርዎን ወደ ውኃው ያወርዳሉ። ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የወፍ ጉንፋን እንዳይዛመት ሲባል መሬት ላይ መቀመጥም ሆነ መንበርከክ ተከልክሏል፤ አባትዎ ቢደክማቸው ድንጋይ ላይ አረፍ ማለት አይችሉም። ሆኖም ጀልባዎቹ ስለሚመላለሱ ለአስጎብኚው አስቀድመው ከነገሩት በፈለጉት ሰዓት ይመልሳቸዋል። ምርኩዝ ይፈቀዳል፤ ጫፉ ግን እንደ ቦቲው በፀረ ጀርም ይታጠባል።

ነርሷ፦
የድሬክን መተላለፊያ ለማቋረጥ ሲሄዱ ሁለት ቀን፣ ሲመለሱም ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል። ክፍላችሁን ከመርከቧ መካከልና ከታችኛው ፎቅ ምረጡ፤ መናወጡ እዚያ ይቀንሳል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከሕመሙ በፊት እንጂ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም፤ በእርሳቸው ዕድሜ ደግሞ አንዳንዱ መድኃኒት ድብታና ግራ መጋባት ስለሚያመጣ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይስጧቸው። ባሕሩን ለመሸሽ ከቺሊዋ ፑንታ አሬናስ ወደ ኪንግ ጆርጅ ደሴት በሁለት ሰዓት ገደማ የሚያደርስ በረራ አለ፤ ነገር ግን ደመና ከወረደ ቀናት ሊያስጠብቅ ይችላል። ከሁሉ በላይ የሕክምና ማጓጓዣን የሚሸፍን መድን ሳይዙ አይሂዱ። በመርከቧ ሐኪም ይኖራል፤ ሆስፒታሉ ግን ከባሕሩ ማዶ ነው።

ተጓዥ ከአዲስ አበባ፦
የአባትዎ ፓስፖርት የኢትዮጵያ ከሆነ ለአርጀንቲና ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ በፑንታ አሬናስ በኩል ከሆነ ደግሞ የቺሊም ጭምር። ኡሹዋያ ከመርከቧ መነሻ ሁለት ቀን ቀድመው ይድረሱ፤ ሻንጣ ቢዘገይ እንኳ መርከብ አይጠብቅም። ስለ ጾሙ ሲመዘገቡ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት» ብለው ይዘርዝሩት እንጂ «ጾም» ብቻ ካሉ አይገባቸውም። እኔ በርበሬና ሽሮ ይዤ ሄጄ ሽሮውን ወጥ ቤቱ ሠርቶልኛል።

የመምህሩ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ለአባቴ አነበብሁላቸው። በረራውን አልፈለጉትም፤ የአንታርክቲካ ስምምነት ግዛት የሚጀምርበትን 60 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ በባሕር ማቋረጥ እንደሚሹ ነገሩኝ። ቀዝቃዛው የደቡብ ውኃ ከሰሜኑ ለብ ያለ ውኃ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ስናልፍም የውኃው ሙቀት በስንት ዲግሪ እንደሚወርድ በደብተር ሊመዘግቡ አስበዋል። ትንሿን መርከብ ይዣለሁ፤ ከነገ ጀምሮ የቤታችንን ደረጃ ጠዋትና ማታ ምርኩዝ ይዘው ሊወጡና ሊወርዱ ተስማምተናል።